የተሸጠው ሙክትና የተገዛው ዱቄት

የ2012 ዓ.ም. መስቀልን ያሳለፍኩት በትውልድ አካባቢዬ በአንበሳሜ ነበር። ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ወጥቶ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ መንገደኛ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን ያገኛታል። እኔ ከአዲስ አበባ ብቅ ስል ታላቅ እህቴ ሙክት ሳታዘጋጅልኝ ቀርታ አታውቅም። በዚያ ዓመት ግን የቀረበልን ዶሮ ወጥ ነበር። ቅር ያለኝ መስሏት ነው መሰለኝ፣ “ሙክቱንማ ለልጁ መድኃኒት ሸጥነው” አለችኝ።

“ታሟል እንዴ?” አልኳት ደንግጬ።

“ኧረ ደህና ነው። የሩጫ መድኃኒት ነው” አለችና ልጇን ጠራችው።

የእህቴ ልጅ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይሮጣል፤ ከሩጫ ውጪ ሕልም የለውም። ከጓዳ ይዞልኝ የመጣው የቀለም ቆርቆሮ የሚያህል ጥቁር የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ፤ ላዩ ላይ ክንዱ እንደ ዋርካ ግንድ የደለበ ፈረንጅ ተስሏል። ጽሑፉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። የሸጠለት ሰው “ትልልቆቹ አትሌቶች ሁሉ የሚወስዱት ይህንን ነው” ብሎታል። ልጁም አምኗል። “ጋሼ፣ ይሠራል እኮ! በጠጣሁት በሩብ ሰዓት ውስጥ ፊቴንና እጄን ውርር ያደርገኛል። ኃይሉ ሲገባ ይታወቀኛል” አለኝ።

በማግስቱ፣ መስከረም 18 ቀን፣ ቀነኒሳ በቀለ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ። ለዓለም ክብረ ወሰን የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። የእህቴ ልጅ ውድድሩን በቴሌቪዥን ሲከታተል ዓይኑ ያረፈው በእግሮቹ ላይ ሳይሆን ከመንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ በሚያነሳው ጠርሙስ ላይ ነበር። “አየህ ጋሼ? እሱም ይጠጣል!” አለኝ።

እውነት ነው፣ ይጠጣል። ነገር ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጥቁሩ ዕቃ ውስጥ ያለውስ? ሁለቱ አንድ ናቸው? የተማርኩት ሕግ እንጂ ሕክምና ስላልሆነ በዚያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። በዕቃው ላይ የተጻፈውን በማስታወሻዬ ገልብጬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለአንባቢዎቼ ማካፈል የፈለግሁት ነገሩ የአንድ የአንበሳሜ ልጅ ብቻ ስላልሆነ ነው። በቦሌና በሲኤምሲ ጂሞች ከሥራ በኋላ ብረት የምናነሳ ባለ ክራቫቶችም ያንኑ ዕቃ እየገዛን ነው።

ጡንቻ ምን ይበላል?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ በሚባል ንጥረ ነገር ኃይል ነው። እንጀራም በሉ ሥጋ፣ ማርም በሉ ቅቤ፣ ጡንቻ የሚጠቀምበት ምግቡ ወደ ኤቲፒ ከተለወጠ በኋላ ነው። የሚገርመው ግን ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ኤቲፒ በሙሉ ኃይል ለሚሮጥ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ በላይ የማይበቃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰውነት ሳያቋርጥ እየሠራ መተካት አለበት።

ይህንን በእናቶቻችን ጓዳ እንመስለው። ኤቲፒ ማለት በመሶብ ውስጥ ያለ የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ይበላል፣ ወዲያው ያልቃል። ቀጥሎ ያለው ክሬቲን ፎስፌት ነው። ይህ የቦካ ሊጥ ማለት ነው፤ ምጣዱ ላይ እንደፈሰሰ እንጀራ ይሆናል፣ ግን ጥቂት ነው። ለ10 ሰከንድ ያህል ብርቱ ሩጫ ያገለግላል። ሦስተኛው ግላይኮጅን ነው። ከበላነው እንጀራ፣ ድንችና ሩዝ የተገኘው ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማችበት መልክ ሲሆን የተፈጨ ዱቄት ልንለው እንችላለን። በጡንቻዎቻችን ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም፣ በጉበት ውስጥ ደግሞ 100 ግራም ያህል ይኖራል። አራተኛው ስብ ነው፤ በጎተራ ያለ እህል። ብዛቱ አያልቅም፣ ነገር ግን ተፈጭቶና ቦክቶ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

የማራቶን ምስጢር ያለው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። አንድ ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። 55 ኪሎ የሚመዝን ሰው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሲሮጥ ወደ 2,300 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በግላይኮጅን መልክ ያከማቸው ግን በአማካይ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ብዙ ሯጮች ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግራቸው እንደ ድንጋይ የሚከብዳቸው አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው፤ ዱቄቱ እያለቀ ነው። “ለምን ስቡን አይጠቀምም?” ቢባል ይጠቀማል፤ ግን ስብ ፍጥነት አይሰጥም። በተጨማሪም በተመሳሳይ አንድ ሊትር ኦክስጅን ከስብ የሚገኘው ኃይል ከስኳር ከሚገኘው ያነሰ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ለሚሮጥ ሰው የኦክስጅን ጠብታ ሁሉ ዋጋ አላት።

እንግዲህ ማንኛውም የምግብ ማሟያ “ጉልበት ይሰጣል” ሲባል መጠየቅ ያለብን “ከእነዚህ ከአራቱ የትኛውን ይነካል?” ብለን ነው። በዚህ ጥያቄ የጥቁሩን ዕቃ ጽሑፍ አንድ በአንድ እንመርምር።

በዕቃው ላይ የተጻፈው

የመጀመሪያው ክሬቲን ነው። ይህ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቀን 20 ግራም ለጥቂት ቀናት የወሰዱ ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ ያለው ክሬቲን በግልጽ ጨምሯል። በምሳሌያችን መሠረት ሊጡ በዛ ማለት ነው። ብረት ለሚያነሳ፣ ለ100 ሜትር ሯጭና እየተመላለሰ በአጭሩ ለሚፈነዳ ስፖርተኛ ይጠቅማል። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ጎልማሳ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም መውሰድ ጉዳት እንደሌለውም በርካታ ጥናቶች ያሳያሉ። የጂም ወዳጆቼ እዚህ ላይ ደስ ሊላቸው ይችላል። ነገር ግን ክሬቲን ውኃ ወደ ጡንቻ ስለሚስብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደትን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። የ10 ሰከንድ ሊጥ ለማብዛት ብሎ 1 ኪሎ ተሸክሞ 10 ሺህ ሜትር የሚሮጥ ልጅ ምን አተረፈ? ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ ክሬቲን በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ውስጥ መሆኑ ነው። እህቴ ክሬቲን ለመግዛት የሸጠችው ክሬቲን የተሸከመውን ሙክት ነው!

ሁለተኛው ካርኒቲን ነው። ሻጮቹ “ስብ ያቃጥላል” ይላሉ። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ካርኒቲን ስብን ወደ ሴሉ የኃይል ማመንጫ፣ ማለትም ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚያስገባ ጋሪ ነው። ችግሩ ዝም ብሎ የተዋጠ ካርኒቲን ወደ ጡንቻ ለመግባት አሻፈረኝ ማለቱ ነው። መጠኑን ከፍ ማድረግ የቻሉት ተመራማሪዎች ብዙ ስኳር አብረው እየሰጡ 24 ሳምንታት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። አንባቢ ሜልዶኒየም የሚባለውን መድኃኒት ያስታውስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በተደረጉ ምርመራዎች ብዙ ስፖርተኞች ላይ ተገኘ። ከእነሱ አንዷ በ2013 ሞስኮ ላይ ለስዊድን የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አበባ አረጋዊ ነበረች። የተገኘው መጠን ከክልከላው በፊት ከተወሰደ መድኃኒት የቀረ ሊሆን ይችላል በሚል ጊዜያዊ እገዳዋ በዚያው ዓመት ተነሳ። ሜልዶኒየም የሚሠራው እንዴት ነው ቢሉ፣ ሰውነት ካርኒቲን እንዳያመርት በማድረግ ነው! ስቡ ሲቀንስ ልብና ጡንቻ ኦክስጅን ወደሚቆጥበው ወደ ስኳሩ ያዘነብላሉ። እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ “ካርኒቲን በመጨመር ትሮጣለህ” ይላል፤ የተከለከለው መድኃኒት ደግሞ “ካርኒቲን በመቀነስ ትሮጣለህ” ይላል። በፍርድ ቤት ሁለት ምስክሮች እንዲህ ቢቃረኑ ዳኛው ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው ቤታ አላኒን ነው። ይህ ጡንቻ ውስጥ ካርኖሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል። ካርኖሲን ደግሞ በብርቱ ሩጫ ጊዜ የሚፈጠረውን አሲድ ያለዝባል። ከ1 እስከ 4 ደቂቃ ለሚፈጅ ፍልሚያ፣ ለምሳሌ ለ800 ሜትር፣ መጠነኛ ጥቅም አለው። ለዚህም ቢሆን ለሳምንታት በየቀኑ መወሰድ አለበት። ታዲያ የእህቴን ልጅ በሩብ ሰዓት ውስጥ የወረረው ነገር ምንድን ነው? ቤታ አላኒን በቆዳ ሥር ያሉ ነርቮችን ስለሚነካ ፊትንና እጅን ውርር ያደርጋል። ከጡንቻ ኃይል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ልጁ “ኃይሉ ሲገባ ይታወቀኛል” ያለው ቆዳው ሲያሳክከው ነበር። ሻጮች ይህንን ስሜት ይወዱታል፤ ገዢው ገንዘቡ ሥራ ላይ የዋለ ይመስለዋላ!

አራተኛው ካፌይን ነው። ካፌይን በእርግጥ ይሠራል፤ ለአጭርም ለረጅምም ሩጫ። በኪሎ ግራም ክብደት 3 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃል። ለ55 ኪሎ ሰው ይህ እንደ ቡናው ጥንካሬ ሁለት ወይም ሦስት ስኒ ነው። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ካፌይን ስብ እንዲቃጠል አድርጎ ግላይኮጅንን ይቆጥባል ብለው ያምኑ ነበር። ዛሬ ዋናው ሥራው በአንጎል ውስጥ መሆኑ ይታወቃል፤ አዴኖሲን የተባለውን የድካም መልእክተኛ በሩ ላይ ይዘጋበታል። ማለትም ጎተራውን አይሞላም፤ “ደከመኝ” የሚለውን ድምፅ ነው ዝቅ የሚያደርገው። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ መገኘቱ ያስቀጣ ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ ግን ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። የቡና አገር ሰው ካፌይንን በሙክት ዋጋ መግዛቱ ለእኔ አሁንም ግርም ይለኛል።

በመጨረሻ “ልዩ ቅይጥ” የሚል ተጽፏል። ከምን ከምን እንደተቀየጠ፣ የእያንዳንዱም መጠን አልተገለጸም። የሕግ ሰው እንዲህ ያለ ውል ሲያይ ብዕሩን መልሶ ኪሱ ይከታል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

የቀነኒሳ ጠርሙስና የእናቶች በሶ

ታዲያ በማራቶን መንገድ ዳር የሚቀመጡት ጠርሙሶች ባዶ ናቸው? አይደሉም። ታላላቅ የማራቶን ሯጮች በመንገድ ላይ የሚጠጡት በዋናነት ውኃ፣ ስኳርና ጨው ነው። የሚያልቀው ዱቄት ስለሆነ የሚተካውም ዱቄት ነው።

ይህ እውቀት የመጣው ከአንድ ደስ የሚል ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ሐኪሞች ራሳቸውን መሞከሪያ አደረጉ። በአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ሆነው እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪዝሉ ድረስ ፔዳል መቱ። ከዚያም ከሁለቱም እግሮቻቸው ቁራጭ ጡንቻ በመርፌ እያስወጡ መረመሩ። የሠራው እግር ግላይኮጅኑ ተሟጧል፤ ያረፈው እንዳለ ነው። ቀጥለው ለጥቂት ቀናት ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ ሲበሉ የሠራው እግር ካረፈው እጥፍ ያህል ግላይኮጅን አከማቸ። ጡንቻ ራሱን የሚያጠግበው ከሥራ በኋላ በሚበላ ምግብ መሆኑ ተረጋገጠ።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የ10 ታዋቂ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብ ለ7 ቀናት እየመዘነ መዝግቧል። ከሚያገኙት ኃይል ውስጥ 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 9.8 ግራም ገደማ። ፕሮቲኑም ቢሆን 1.8 ግራም ያህል ደርሷል። እነዚህ ቁጥሮች የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለረጅም ርቀት ሯጭ ከሚመክሩት ጋር የሚገጥሙ ናቸው። ምግቡም በአብዛኛው ከዕፅዋት የተገኘ ነበር። የዓለምን ክብረ ወሰን የሚያስጨንቁት እግሮች የሚነዱት በእንጀራና በወጥ ነው ማለት ነው።

ከውድድር በፊትና በኋላ ደግሞ በሶ አለን። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ካለም በማር። መንገደኛና ወታደር ለዘመናት ስንቁ ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዘመናዊው ሳይንስ እንደሚለው አንጀታችን ግሉኮስን የሚያስገባበት በር በሰዓት ከ60 ግራም ያህል በላይ አያሳልፍም። ፍሩክቶስ ግን የሚገባው በሌላ በር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ በሰዓት እስከ 90 ግራም ማስገባት ይቻላል። የገብስ ስታርች ሲፈጭ ግሉኮስ ይሆናል፤ ማር ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። እናቶቻችን ባለ ሁለት በሩን ቀመር ስሙን ሳያውቁት ይበጠብጡት ነበር! እውነቱን ለመናገር በሶ አሰር ስላለው እየሮጡ ለመጠጣት ይከብዳል፤ ከልምምድ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ወይም ከልምምድ በኋላ ሲሆን ግን የሚተካከለው ዱቄት በሱቅ አላየሁም።

ቀይ ሥርም ስሙ ይነሳል። በውስጡ ያለው ናይትሬት በአፍ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ተለውጦ፣ ጡንቻ ለተመሳሳይ ሥራ የሚጠቀመውን ኦክስጅን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ጥቅሙ ግን ከሠለጠነ አትሌት ይልቅ በመካከለኛ ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል። ባክቴሪያ በሚገድል የአፍ መታጠቢያ የሚጉመጠመጥ ሰው ደግሞ ጥቅሙን ያጣዋል።

“ቫይታሚን ምን ይጎዳል?”

ይህ ጥያቄ ከብዙ ወዳጆቼ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጀርመን ጥናት በስፖርት ልምምድ ላይ ለነበሩ ወጣት ወንዶች በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ሰጠ። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ቫይታሚኑን ያልወሰዱት ሰውነታቸው ስኳርን የመጠቀም ችሎታው ሲሻሻል፣ የወሰዱት ላይ ይህ መሻሻል ታፈነ። ምክንያቱም ሩጫ በጡንቻ ውስጥ የሚፈጥረው መጠነኛ ጭንቀት ራሱ “ተጠንክር” የሚል ትእዛዝ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ትእዛዙን ያፍነዋል። ብርቱካኑን ይብሉ፤ እንክብሉን ግን ያለ ሐኪም አይደርድሩ።

ብረት (አይረን) ሌላው ነው። ብረት ያነሰው ሰው፣ በተለይም ሴት ሯጭ፣ ደሟ ኦክስጅን በበቂ ስለማይሸከም ብትወስድ በእርግጥ ትጠቀማለች። ያላነሰው ሰው ግን ምንም አያገኝም፤ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል። ልዩነቱን የሚያውቀው የደም ምርመራ እንጂ ሻጭ አይደለም።

“ይህ እኮ ከተፈጥሮ ዕፅ የተሠራ ነው” የሚል መከራከሪያም እሰማለሁ። ለፎገራ አካባቢ ሰው ይህንን መንገር አያዋጣም። ከወረታ ዙሪያ በተንጣለለው ሜዳ ከሩዙ አጨዳ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ተፈጥሯዊ ነው፤ ድርቅ ይችላል፣ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ነገር ግን በችግር ጊዜ ለወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዙትን ነርቮች ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ ሽባ መሆናቸውን መዝግቧል። ከተጠቂዎቹ የሚበዙት ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ በሌላ አገር ቢሆን ሯጭ የሚሆኑበት ዕድሜ ነው። ተፈጥሯዊ መሆን ብቻውን የደህንነት ምስክር ወረቀት አይደለም። ወሳኙ መጠኑና ጊዜው ነው።

ሸክሙ የማን ነው?

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ። የሕግ ተማሪዎች ሳለን ከሚከብዱን ትምህርቶች አንዱ ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የመኪና ባለቤት፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት እሱ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። “እኔ አልነዳሁም” ማለት አያድነውም። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) ሕግም በአትሌቱ ላይ የሚሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። በሽንቱ ወይም በደሙ ውስጥ የተከለከለ ንጥረ ነገር ከተገኘ ጥሰቱ ተፈጽሟል። እያወቀ መውሰዱን ማስረዳት አያስፈልግም። “በዱቄቱ ዕቃ ላይ አልተጻፈም ነበር” የሚለው መልስ ጥሰቱን አያስቀርም፤ ቅጣቱን ሊያቀልለት የሚችለውም አትሌቱ የተበከለው ዕቃ ይህ መሆኑንና ከባድ ቸልተኝነት እንዳልነበረበት ራሱ ካስረዳ ነው። የማስረዳት ሸክሙ በልጁ ትከሻ ላይ ነው። ካልተሳካለት ለዓመታት ይታገዳል። ለአንድ ሯጭ አራት ዓመት ማለት ዕድሜው ነው።

ይህ አደጋ የሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 የጀርመኑ የኮሎኝ ላቦራቶሪ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 የምግብ ማሟያዎችን መርምሮ ነበር። በ94ቱ፣ ማለትም 15 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ በዕቃው ላይ ያልተጻፈ የሆርሞን ውህድ ተገኘ። አንዳንዱ የሚመጣው አንድ ማሽን ሁለት ምርት ስለሚያሽግበት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ገዢው “ይሠራል” እንዲል ሆን ተብሎ ይጨመራል። ብዙዎቹ ዕቃዎች በሚመጡባት በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ የምግብ ማሟያ አምራች እንደ መድኃኒት አምራች ምርቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱንና ደህንነቱን ለመንግሥት አስረድቶ ፈቃድ ማግኘት አይጠበቅበትም። “ልዩ ቅይጥ” የሚለው ጽሑፍ ብዕሬን ያስከተተኝ ለዚህ ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ከስፖርት ቅጣት ያልፋል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን አበረታች ቅመሞችን በወንጀል የሚመለከት ድንጋጌ አለው፤ በዚህ ጉዳይ ተከሶ የታሰረ አትሌትም አይተናል። የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አትሌቶችን ያስተምራል፣ ይመረምራል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ይዞ በምግብና በመድኃኒት ላይ ሥልጣን አለው። ሕጉ አለ፤ ተቋማቱም አሉ። ነገር ግን በአንበሳሜ ገበያ ዳር በሻንጣ ይዞ የሚያዞር ሻጭና አንድ የ19 ዓመት ልጅ ሲገናኙ በመካከላቸው የሚቆም የለም። ልጁን ለመመርመር ባለሙያ ይላካል፤ ዱቄቱን ለመመርመር ግን ማንም አይመጣም። ፍትሕ የጎደለው እዚህ ላይ ነው። ሸክሙን ሁሉ ደካማው ላይ ጭነን ሻጩን ነፃ ለቀነዋል።

ስለዚህ የክለብ አሠልጣኞች፣ የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና ወላጆች ለልጆቻቸው ሦስት ጥያቄ ቢያስተምሩ እመኛለሁ። አንደኛ፣ ይህ ነገር የምሮጠውን ርቀት በሚመለከት ከአራቱ ስንቆች የትኛውን ይነካል? ሁለተኛ፣ የጎደለኝ ነገር እንዳለ በምርመራ ተረጋግጧል ወይስ ሻጩ ነው የነገረኝ? ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ ከነመጠኑ ተጽፏል? ገለልተኛ ላቦራቶሪስ መርምሮታል? የተመረመረም ቢሆን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለሦስቱም አጥጋቢ መልስ ከሌለ ገንዘቡ ለእንቁላል፣ ለወተት፣ ለሽሮና ለበሶ ይዋል። ብዙ ጊዜ የወጣት ሯጮቻችን ችግር የዱቄት ማነስ ሳይሆን በቂ አለመብላት ነው። ሁለት ጊዜ ተለማምዶ አንድ ጊዜ የሚበላን ልጅ የትኛውም ጥቁር ዕቃ አያድነውም። ለጂም ወዳጆቼም የምለው ያንኑ ነው፤ ክሬቲኑን ከፈለጋችሁ ብቻውን የተዘጋጀውን ግዙ፣ “ልዩ ቅይጡን” ተዉት።

ያነበብኩትን ይዤ ለእህቴ ልጅ ስደውልለት መጀመሪያ ተከራከረኝ። የቆዳውን ማሳከክ ምክንያት ስነግረው ግን ዝም አለ። ቆይቶ፣ “ታዲያ ለእማዬ ምን ልበላት ጋሼ?” አለኝ። ለዚህ መልስ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። ለቀጣዩ በዓል ሙክት መግዣ ላክሁና “እንዳትሸጡት” አልኳቸው። ጥቁሩ ዕቃ ታጥቦ የበሶ ማስቀመጫ ሆኗል ተብያለሁ።

ቸር እንሰንብት።